አጭሩን መንገድ የቀመሩት ፕሮፌሰር ኤድስገር ዳይክስትራ

ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው በኮምፒዩተር የተላከ ደብዳቤ ከተቀባዩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በርካታ መገናኛዎችን ያልፋል። በየመገናኛው የተቀመጠው ራውተር የተባለው መሣሪያ መልእክቱን በየትኛው መስመር ማሳለፍ እንዳለበት ይወስናል። ውሳኔው በግምት የሚሰጥ አይደለም። በአንድ ድርጅት ወይም በአንድ አገልግሎት ሰጪ መረብ ውስጥ ራውተሩ የመረቡን ካርታ ይዞ፣ ከራሱ ተነሥቶ ወደ እያንዳንዱ መድረሻ የሚያደርሰውን አጭሩን መንገድ አስልቶ ያስቀምጣል። አንድ መስመር በተቆረጠ ቁጥርም ስሌቱ እንደገና ይሠራል። ይህ ስሌት በዓለም ዙሪያ ቀንና ሌሊት ሲካሄድ የሚውል የሚያድር ቢሆንም፣ የተጠነሰሰው ግን የኮምፒዩተር መረብ የሚባል ነገር ባልነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በአምስተርዳም ከተማ በአንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ነበር።

የስሌቱ ቀማሪ ሆላንዳዊው ፕሮፌሰር ኤድስገር ዳይክስትራ ናቸው። ፕሮፌሰሩ ከዚህ ዓለም በሞት ከተለዩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። በዘመናቸው ሁሉ ሲሟገቱለት የኖሩት አቋም፣ ፕሮግራም ከተጻፈ በኋላ ስህተቱን እያሳደዱ ከማረም ይልቅ ከመነሻው ስህተት እንዳይገባበት አድርጎ መጻፍ ይገባል የሚል ነበር። የሚያስገርመው፣ ስሌታቸው እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ሊቆይ የቻለው ስህተት ማሳደድን የዕለት ተዕለት ሙያቸው ባደረጉ ሰዎች ትጋት ጭምር መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳይክስትራ የተወለዱት ግንቦት 11 ቀን 1930 በወደብ ከተማዋ በሮተርዳም ነው። አባታቸው የኬሚስትሪ መምህር፣ እናታቸው ደግሞ የሒሳብ ሊቅ ነበሩ። እናታቸው በሙያቸው ተቀጥረው ባይሠሩም፣ ልጃቸው ለአጭርና ለጠራ የሒሳብ ማረጋገጫ የነበራቸው ፍቅር ከእሳቸው የተወረሰ መሆኑን የሕይወት ታሪካቸው ጸሐፍት ይመሰክራሉ። ዳይክስትራ አሥረኛ ዓመታቸውን በያዙ በሦስተኛው ቀን የሮተርዳም ማዕከላዊ ክፍል በጀርመን አውሮፕላኖች ተደብድቦ ፈረሰ። ከጦርነቱ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲያጠናቅቁ ሐሳባቸው ሕግ አጥንተው ሀገራቸውን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለመወከል ነበር። ይሁንና በሒሳብና በተፈጥሮ ሳይንስ ያስመዘገቡት ከፍተኛ ውጤት ሌላ መንገድ አመለከታቸው፤ በ1948 ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ፊዚክስ ማጥናት ጀመሩ።

በ1951 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለኤሌክትሮኒክ የሒሳብ መኪና ፕሮግራም ስለ መጻፍ የሚሰጥ የሦስት ሳምንት ኮርስ መኖሩ ተሰማና ወጣቱ የፊዚክስ ተማሪ ተሳተፉ። በዚህም ሳቢያ በአምስተርዳም የሒሳብ ማዕከል በአድሪያን ቫን ዋይንጋርደን ሥር እንዲሠሩ ተጋበዙና በመጋቢት 1952 በከፊል ጊዜ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በዚያን ጊዜ በሆላንድ ፕሮግራም መጻፍ እንደ ሙያ አይቆጠርም ነበር። ወጣቱም ፊዚክስን ትተው ስምና ማዕረግ ወደሌለው ሥራ መግባት ይገባ እንደሆነ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያመነቱ ቆዩ።

በ1955 ጭንቀታቸውን ለአለቃቸው ገለጹ። ቫን ዋይንጋርደን አቤቱታቸውን በትዕግሥት አዳምጠው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ የፕሮግራም ጽሕፈት የተከበረ የዕውቀት ዘርፍ አለመሆኑን አምነው ተቀበሉ። ነገር ግን ኮምፒዩተር መጥቶ የማይሄድ ነገር መሆኑን፣ ወደፊት ይህን ሙያ የሚያስከብሩት ራሳቸው ሊሆኑ እንደሚችሉ በማስረዳት መለሱላቸው። ወጣቱ ከአለቃቸው ቢሮ ሲወጡ ሌላ ሰው ሆነው ነበር። አንድ የበላይ ኃላፊ ለበታች ሠራተኛው የሰጠው የአንድ ቀን ጊዜ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ በሙያው ታሪክ ማግኘት ያዳግታል።

ሙያው እስኪከበር ግን ጊዜ መፈለጉ አልቀረም። በ1957 ከወይዘሪት ማሪያ ዴቤትስ ጋር ጋብቻቸውን ለማስመዝገብ ሲቀርቡ፣ የከተማው ሹማምንት ፕሮግራመር የሚባል የሥራ ዓይነት የለም በማለት ቃሉን በመዝገብ ለማስፈር አልፈቀዱም። ስለዚህ በጋብቻ ሰነዳቸው ላይ የሰፈረው የፊዚክስ ሊቅ የሚል ነው። የመዝገቡ ሹማምንት የያዙት ዝርዝር ሥራው ከተፈጠረ በኋላ ዓመታት ዘግይቶ የሚከተል ስለሆነ፣ ለስህተቱ እነርሱን ብቻ መውቀስ አይገባም።

አጭሩን መንገድ የማስላቱ ሐሳብ የመጣው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የሒሳብ ማዕከሉ አርማክ የተባለውን አዲስ ኮምፒዩተር በ1956 በይፋ ሊያስመርቅ ተዘጋጅቶ ነበር። ለምርቃቱ የሚመጡት እንግዶች በአብዛኛው የኮምፒዩተር ዕውቀት የሌላቸው በመሆናቸው፣ ጥያቄውም መልሱም ለማንም ሰው የሚገባ አንድ የማሳያ ሥራ አስፈለገ። ዳይክስትራ የመረጡት ጥያቄ ከሮተርዳም ወደ ኽሮኒንገን ለመሄድ አጭሩ መንገድ የቱ ነው የሚል ዓይነት ነበር። አንድ ቀን ከእጮኛቸው ጋር ገበያ ሲዘዋወሩ ደክሟቸው በአንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ዐረፍ አሉ። ቡናቸውን እየጠጡ፣ ያለ እርሳስና ያለ ወረቀት፣ በሃያ ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ መፍትሔውን በአእምሯቸው ጨረሱት። ዳይክስትራ በኋላ ዘመን ይህን ሲያስታውሱ፣ ስሌቱ ቀላልና የጠራ የሆነው ወረቀት ስላልነበራቸው መሆኑን ይናገሩ ነበር፤ አእምሮ ብቻውን ሲሠራ ውስብስብ ነገርን ለማስወገድ ይገደዳልና።

የአሠራሩን መንገድ ለመረዳት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻም። መነሻው ከተማ ርቀቱ ዜሮ ነው። ከእርሱ ጋር በቀጥታ የሚገናኙት ከተሞች በየርቀታቸው ይመዘገባሉ። ከተመዘገቡት መካከል ከሁሉ የቀረበው ይመረጥና ርቀቱ የመጨረሻ ነው ተብሎ ይጸድቃል፤ ምክንያቱም ከእርሱ በሚርቅ ሌላ ከተማ በኩል ዞሮ የሚመጣ ጉዞ ከቀጥተኛው ሊያጥር አይችልም። ከዚያም የጸደቀው ከተማ ጎረቤቶች ይታያሉ፤ በእርሱ በኩል የሚገኘው ርቀት ቀድሞ ከተመዘገበው ካነሰ መዝገቡ ይሻሻላል። ይኸው ሁሉም ከተሞች እስኪጸድቁ ድረስ ይደጋገማል። ለማሳያው የተዘጋጀው ካርታ 64 ከተሞችን የያዘ ነበር። ይህ ቁጥር ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ በሁለትዮሽ አሐዝ ስድስት ቦታ ብቻ ለ64 ከተሞች መለያ ስለሚበቃ ነው። አንባቢ ይህን የስድስት አሐዝ ነገር ልብ ይበልልን፤ ከሃያ አራት ዓመት በኋላ በሌላ መልኩ እንመለስበታለን።

ዳይክስትራ ስሌቱን ለማሳተም አልቸኮሉም። በ1959 ኑመሪሼ ማቴማቲክ በተሰኘው አዲስ የጀርመን የሒሳብ መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ ላይ በሦስት ገጽ ብቻ ወጣ። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ አንድን መረብ በጥቂቱ ሽቦ የማያያዝ ሌላ ቀመርም አለ። እርሱ ደግሞ ለቀጣዩ ኮምፒዩተር ለኤክስ ዋን የኋላ ሰሌዳ የሚውለውን መዳብ ለመቆጠብ ከተነሣ ተግባራዊ ችግር የተወለደ ነው።

የዳይክስትራን ጠባይ የቀረጸው ምናልባት ከስሌቱ ይልቅ በእነዚያ ዓመታት የነበረው የሥራ ሁኔታ ሳይሆን አይቀርም። የማዕከሉ መሐንዲሶች መኪናውን ሲሠሩ እሳቸው ጎን ለጎን ገና ላልተሠራው መኪና ፕሮግራም ይጽፉ ነበር። ሞክሮ ማየት የሚባል ነገር አልነበረም፤ የሚሞከርበት መሣሪያ የለምና። ስለሆነም የተጻፈው ነገር ትክክል መሆኑን በማሰብ ብቻ ማረጋገጥ ግድ ሆነ። በ1959 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙበት ጥናትም ይህንኑ መኪና የሚመለከት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ከባልደረባቸው ከያፕ ዞነቬልድ ጋር አልጎል 60 ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተርጓሚ ሶፍትዌር ሲሠሩ፣ ሥራው ሳይጠናቀቅ ጢማቸውን ላለመላጨት ተማማሉ። ሥራው በነሐሴ 1960 ተጠናቀቀ። ዞነቬልድ ወዲያው ተላጩ፤ ዳይክስትራ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ጢማቸውን አልተዉትም።

በ1962 በአይንድሆቨን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። በዚያም ከጥቂት የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ብዙ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ የኮምፒዩተር ሥርዓት ገነቡ። ሥርዓቱ እንደ ፎቅ ቤት ደርብ በደርብ የተዋቀረ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ደርብ ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነበር የሚቀጥለው የሚታከልበት። ሁለት ሥራዎች አንድን ዕቃ በአንድ ጊዜ ይዘው እንዳይጋጩ የሚያደርገውን ሴማፎር የተባለ የመጠባበቂያ ምልክትም በሥራ ላይ አዋሉ። በ1968 ባሳተሙት ዘገባ በሙከራ ወቅት የተገኙት ስህተቶች ጥቃቅን የአጻጻፍ ግድፈቶች ብቻ መሆናቸውን፣ ብዛታቸውም በአምስት መቶ ትእዛዝ አንድ ያህል እንደነበር፣ እያንዳንዱም ያለበት ቦታ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እንደተገኘ አስታወቁ። በሙያው ውስጥ ላለ ሰው ይህ አኃዝ እስከ ዛሬ የሚያስቀና ነው።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ያሳተሙት አጭር ደብዳቤ ግን ከሁሉም በላይ አነጋጋሪ ሆነ። ደብዳቤው በፕሮግራም ውስጥ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው በዘፈቀደ የሚያዘልለው ትእዛዝ አንባቢውን ስለሚያደናግርና ስህተት ስለሚደብቅ ከቋንቋዎች እንዲወገድ የሚጠይቅ ነበር። በመከር ወቅትም በጀርመን ጋርሚሽ በተካሄደው ጉባኤ የየሀገሩ ባለሙያዎች ተሰብስበው፣ የሶፍትዌር ሥራዎች በጊዜያቸው አለመድረሳቸውን፣ በጀት መብላታቸውንና በስህተት መሞላታቸውን በግልጽ አመኑ። ዳይክስትራ ከተናጋሪዎቹ አንዱ ነበሩ። በ1972 በሙያው ከፍተኛ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበሉ ባሰሙት ንግግርም የሰው አእምሮ ውስን መሆኑን የማያውቅ ፕሮግራመር ጥሩ ፕሮግራመር ሊሆን እንደማይችል አስገነዘቡ። በተደጋጋሚ ያስተማሩት ነገር፣ ሙከራ ስህተት መኖሩን ሊያሳይ ቢችልም ስህተት አለመኖሩን ፈጽሞ ሊያረጋግጥ እንደማይችል ነው።

አንደበታቸው ስለት ነበረው። የማይወዷቸውን የፕሮግራም ቋንቋዎችና ትላልቅ ኩባንያዎችን በጽሑፍ ሲዘልፉ ለማንም አይመለሱም፤ በዚህም ብዙ ባላንጣ አፍርተዋል። ከዘለፋዎቹ መካከል ያልተገቡ እንደነበሩ ዛሬ መናገር ይቻላል። በ1973 ቡሮውስ ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተመራማሪ ሆነው ከዩኒቨርሲቲው የሙሉ ጊዜ ሥራ ሲለቁ፣ ቢሯቸው በኑነን መንደር የሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ሆነ። በምንጭ ብዕር በተዋበ የእጅ ጽሑፍ የሚያዘጋጇቸውን ማስታወሻዎች በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላትና በተራ ቁጥር ምልክት አድርገው፣ በፎቶ ኮፒ እያባዙ ለወዳጆቻቸው በፖስታ ይልኩ ነበር። የደረሰው ሰው ደግሞ አባዝቶ ለሌላው ይልካል። እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ጽሑፉ ዓለምን ዞረ፤ የፈቃድ ክፍያ የጠየቀ አልነበረም።

በ1974 ያሳተሙት የሁለት ገጽ ጽሑፍ ግን ለብዙ ዓመታት አስታዋሽ አላገኘም። ጥያቄው የሚከተለው ነበር። ብዙ መኪናዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል እንበል፤ እያንዳንዱ የሚያየው ጎረቤቱን ብቻ ነው፤ ሁሉን የሚያይ የበላይ ተቆጣጣሪ የለም። አንድ አደጋ ደርሶ የሁሉም መዝገብ ቢዘበራረቅ፣ ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው ወደ ትክክለኛው ሥርዓት ሊመለሱ ይችላሉን? ዳይክስትራ ሊመለሱ የሚችሉበት ደንብ መኖሩን አሳዩ። ይህ ራሱን የሚያረጋጋ ሥርዓት የሚባለው ሐሳብ ነው። በጊዜው ብዙዎች እንደ እንቆቅልሽ ጨዋታ አይተው አለፉት።

ጨዋታ አለመሆኑ በውቅያኖስ ማዶ ታየ። በአሜሪካ በ1969 ሥራ የጀመረውና የዛሬው ኢንተርኔት ወላጅ የሆነው አርፓኔት፣ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት የሚጠቀምበት የመንገድ መምረጫ ዘዴ የጎረቤት ወሬን በማመን ላይ የተመሠረተ ነበር። እያንዳንዱ መገናኛ ወደዚህኛው መድረሻ ይህን ያህል ይርቀኛል ብሎ ለጎረቤቱ ይናገራል፤ ጎረቤቱም የራሱን ጨምሮ ለሌላው ያወርዳል። አንድ መስመር ሲቆረጥ ግን አሮጌው ወሬ በመገናኛዎቹ መካከል እየዞረ ይቆያል፤ መልእክቶችም በክብ ይሽከረከራሉ። ስለዚህ በ1979 ዘዴው ተለወጠ። እያንዳንዱ መገናኛ ስለ ራሱ መስመሮች ብቻ ለመረቡ ሁሉ እንዲያውጅ፣ ከዚያም ሁሉም አንድ ዓይነት ካርታ ይዞ አጭሩን መንገድ በየራሱ እንዲያሰላ ተደረገ። ለማስላት የተመረጠውም የዳይክስትራ ቀመር ነበር።

ጥቅምት 27 ቀን 1980 አርፓኔት ለበርካታ ሰዓታት ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። የመሥመር መቆረጥ አልነበረም፤ የጠላት እጅም አልነበረበትም። መገናኛዎቹ ሁሉ በሥራ ተጠምደው ሳለ አንድም መልእክት ማሳለፍ አቃታቸው። ተቆጣጣሪዎቹ የመገናኛዎቹን ማኅደረ ትውስታ አውጥተው ሲመረምሩ ቁጥሩ 50 ከሆነ መገናኛ የመጡ አዋጆች ወረፋውን ሞልተውት አገኙ። አዋጆቹ ሦስት ሲሆኑ የተራ ቁጥሮቻቸው 8፣ 40 እና 44 ነበሩ፤ ያለማቋረጥም እየተፈራረቁ ይዞሩ ነበር።

ምስጢሩ ያለው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። የአዋጅ ተራ ቁጥር የተመደበለት ቦታ ስድስት የሁለትዮሽ አሐዝ ብቻ ስለነበር፣ ቆጠራው 63 ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስለዚህ ከሁለት አዋጆች አዲሱ የቱ እንደሆነ የሚወሰነው እንደ ሰዓት ክብ ነው፤ ከሌላው እስከ ግማሽ ክብ ቀድሞ የተገኘው አዲስ ይባላል። በዚህ ደንብ 40 ከ8 ይቀድማል፤ 44 ከ40 ይቀድማል፤ 8 ደግሞ ክቡን ዞሮ ከ44 ይቀድማል። ሦስቱም ከሌላው አዲስ ናቸው፤ ሦስቱም ከሌላው አሮጌ ናቸው። እያንዳንዱ መገናኛ አዲስ የመሰለውን ተቀብሎ ለጎረቤቶቹ ሲያውጅ፣ ጎረቤቱ ሌላ አዲስ ሲመልስለት፣ ማብቂያ የሌለው ዙር ተፈጠረ። ምንጩም 44 በሁለትዮሽ ሲጻፍ 101100 መሆኑ ነው። ብልሽት የገጠመው የአንድ መገናኛ ማኅደረ ትውስታ አንድ አሐዝ ሲጥል 101000 ማለትም 40 ይሆናል፤ ሌላ አሐዝ ሲጥል 001000 ማለትም 8 ይሆናል። በመስመር ላይ የሚጓዝን መረጃ የሚያረጋግጠው የፍተሻ ድምር፣ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የሚበላሸውን ሊያይ አልቻለም።

ጥገናው ራሱ ትምህርት የሚሰጥ ነው። አንዱን መገናኛ አጥፍቶ ማስነሣት አልፈየደም፤ እንደተነሣ ጎረቤቶቹ ያንኑ በሽታ መልሰው ይሰጡታልና። በመጨረሻ ከመገናኛ ቁጥር 50 የሚመጣን ማንኛውንም አዋጅ እንዳይቀበሉ የሚያዝ ጊዜያዊ ማስተካከያ በየመገናኛው ተጭኖ መረቡ ተነሣ። ኤሪክ ሮዘን በ1981 የጻፉት የምርመራ ዘገባ ማንንም ሳይወቅስ፣ ምንም ሳይደብቅ ለሕዝብ ወጥቷል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ተገቢ ነው። የዳይክስትራ የ1956 ስሌት በዚያ ዕለት አንድም ስህተት አልሠራም። የተሳሳተው ካርታውን የሚያሠራጨው የሥርዓቱ ክፍል ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የዚያን ዕለት አደጋ ፕሮፌሰሩ በ1974 ያነሡት ጥያቄ ቁልጭ ያለ ምሳሌ ነበር፤ መረቡ አንዴ ከተዘበራረቀ በኋላ ምክንያቱ ቢወገድም በራሱ ሊረጋጋ አልቻለም። ራዲያ ፐርልማን የተባሉት አሜሪካዊት ባለሙያ በ1983 ባሳተሙት ጥናት አዋጆች በራሳቸው ከስህተት የሚያገግሙበትን አሠራር አቀረቡ። በ1989 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣውና ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ. የተሰኘው የመንገድ መምረጫ ሥርዓት ይህንን ልምድ ወርሷል። የተራ ቁጥሩ ከስድስት ወደ ሠላሳ ሁለት አሐዝ አድጓል፤ እንደ ሰዓትም አይዞርም። የፍተሻ ድምሩ አዋጁ ተቀምጦ ሳለም አብሮት ይኖራል። አዋጁ በየሠላሳ ደቂቃው ይታደሳል፤ ካልታደሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ አርጅቶ ይወገዳል። መንገዱን የሚያሰላው ግን አሁንም ያው የቡና ቤቱ ቀመር ነው። በመሆኑም የዳይክስትራ ሁለት ሥራዎች፣ ዝነኛውና የተረሳው፣ በአንድ መሣሪያ ውስጥ ተገናኝተዋል ማለት ይቻላል።

ይህ ሥርዓት ለረጅም ጊዜ በኩባንያዎች መሣሪያ ውስጥ ተቆልፎ የሚሸጥ ነበር። በ1996 ኩኒሂሮ ኢሺጉሮ የተባሉ ጃፓናዊ ባለሙያ ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ የመንገድ መምረጫ ሶፍትዌር መሥራት ጀመሩና ዜብራ፣ ማለትም የሜዳ አህያ፣ አሉት። በፕራግ የቻርልስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በ1998 ቢርድ የተሰኘውን ሌላ ክፍት ሶፍትዌር ጀመሩ። የዜብራ እድገት ሲቀዛቀዝ ሌሎች ባለሙያዎች ኮዱን ወስደው ኳጋ በሚል ስም ቀጠሉበት። ኳጋ ከምድረ ገጽ የጠፋ የደቡብ አፍሪካ የሜዳ አህያ ዝርያ ነው፤ የመጨረሻዋ በ1883 የሞተችው፣ እንደ አጋጣሚ ሆኖ፣ በዚያው በአምስተርዳም የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ነው። ከኳጋ ደግሞ በ2017 ኤፍ.አር.አር. የተባለው ተወለደ፤ ዛሬም በብዙ መረቦች ውስጥ ያገለግላል።

በእነዚህ ሶፍትዌሮች ውስጥ የዳይክስትራ ስሌት የሚይዘው ቦታ ከጠቅላላው ኮድ ኢምንት ነው። የቀረው ሁሉ ጎረቤትን መለየት፣ አዋጅ መቀበል፣ ማሠራጨት፣ ጊዜ መቁጠርና ከኮምፒዩተሩ ጋር መነጋገር ነው። እንከን የሚበዛውም በዚያ ነው። ለምሳሌ ሁለት ራውተሮች ይገናኛሉ፤ አንዱ እስከ 1500 ባይት፣ ሌላው እስከ 9000 ባይት የሚመዝን እሽግ እንዲያሳልፍ ተደርጎ ተዋቅሯል። የሰላምታ እሽጎች ትንንሾች ስለሆኑ ሁለቱ በደንብ ይተያያሉ። ካርታ መለዋወጥ ሲጀምሩ ግን አንደኛው የሌላውን መጠን ስለማይቀበል ንግግሩ በመግቢያው ላይ ቆሞ ይቀራል። ተጠቃሚው ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል ብሎ ያመለክታል። ጠጋኙም ቃሉን ብቻ አያምንም፤ የሁለቱን መሣሪያዎች መዝገብ ጠይቆ፣ ሁኔታውን በራሱ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ካላየው በስተቀር ኮዱን አይነካም። ስህተቱ ከውቅሩ ከሆነ ያስረዳል፤ ከኮዱ ከሆነ ያርማል፤ እርማቱን ሌላ ባለሙያ ይመረምረዋል፤ ከዚያም በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ብዙ ራውተሮች ያሉ አስመስሎ በሚሠራ የሙከራ መረብ ይፈተሻል። የተገኘው ስህተት ተመልሶ እንዳይገባ ሙከራው በቋሚነት ይቀመጣል። ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ከፊሎቹ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ ከፊሎቹም በትርፍ ጊዜያቸው የሚያገለግሉ ናቸው።

ዳይክስትራ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ብዙ ክብር አልነበራቸውም። የታረመ ፕሮግራም ከመነሻው በትክክል ያልተጻፈ ፕሮግራም ነው የሚል እምነታቸው አልተለወጠም። በዚህ ረገድ ግማሽ እውነት ይዘው ነበር ብሎ መፍረድ የሚቻል ይመስለናል። የማኅደረ ትውስታ አሐዝ ይጥላል ብሎ አስቀድሞ የሚያረጋግጥ የሒሳብ ማስረጃ የለም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በየሀገሩ የሚያዋቅሩትን መሣሪያም ማንም በአእምሮው ሊይዘው አይችልም። ነገር ግን የራሳቸው ስሌት ሰባ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ሳይለወጥ የቆየው፣ ጠጋኞችም ስህተት ሲፈልጉ በመጨረሻ የሚጠረጥሩት ክፍል የሆነው፣ እሳቸው ባሉት መንገድ ስለተሠራ ነው።

በ1984 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኦስቲን ከተማ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። ከባለቤታቸው ጋር በቮልስዋገን መኪናቸው የሀገሪቱን ብሔራዊ ፓርኮች ጎበኙ፤ በትርፍ ጊዜያቸው ፒያኖ ይጫወቱ ነበር፤ ከሙዚቃ ቀማሪዎችም ሞዛርትን ያስበልጡ ነበር። ለአያሌ ዓመታት የራሳቸው ኮምፒዩተር አልነበራቸውም። በመጨረሻ አንድ ሲያገኙም የተጠቀሙበት ለኤሌክትሮኒክ ደብዳቤና ድረ ገጽ ለማየት ነበር፤ ጽሑፋቸውን መጻፍ የቀጠሉት በብዕር ነው። በ1999 ጡረታ ወጡ።

በካንሰር ሕመም ከታመሙ በኋላ በ2002 ወደ ኑነን ተመለሱ። በዚያው ዓመት ያ የተረሳው የ1974 ጽሑፋቸው በተከፋፈሉ ሥርዓቶች ጥናት ዘርፍ ከፍተኛ ተጽዕኖ ያሳደረ ሥራ ተብሎ ተሸለመ። ነሐሴ 6 ቀን 2002 በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ፤ ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮም ሽልማቱ ራሱ በስማቸው ተጠራ። የመጨረሻው ማስታወሻቸው ተራ ቁጥሩ 1318 ሲሆን፣ የተጻፈው ሊሞቱ አራት ወር ገደማ ሲቀራቸው ነው። የእጅ ጽሑፎቻቸው በኦስቲን በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የታሪክ ማዕከል ተቀምጠዋል፤ ቅጂያቸውንም ማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ ማንበብ ይችላል።